የእሳት ጥቁረትና የጢስ ጥቁረት አንድ አይደለም

(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። ስብሰባው ያመለጣቸው አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም፤ አይዟችሁ። እፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ስለ ተደረደሩት የእንጨት ሥራዎች ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት ቤት ጎን ያለችው ክፍል ለወጣቶቻችን መሥሪያ እንድትሆን ፈቅደናል። የሚሠሩት የእጅ መስቀልና የቅዱሳን ሥዕል ነው። ቀለም ግን አይነካውም፤ ሥዕሉ የሚወጣው እንጨቱን በጋለ ብረት በማቃጠል ነው። አንዳንዶቻችን «ይህማ ምን ሙያ አለው፣ መተኮስ አይደለም እንዴ?» ብለን ነበር። ገብተን ስናይ አፈርን።

እንጨቱ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ ነው። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን መስመር ይይዛል። ዝግባ ገርጣ ያለ ስለሆነ የተቃጠለው ጎልቶ ይታይበታል። የጥድ ውስጡ ግን ቀላ ስለሚል መስመሩን ያደበዝዘዋል። እንጨቱ ከለሰለሰ በኋላ ሥዕሉ በእርሳስ ይነደፋል። ብረቱ ከከሰሉ እንደ ወጣ ሥዕሉ ላይ አያርፍም፤ መጀመሪያ በሌላ ቁራጭ ይሞከራል። አለዚያ የመስመሩ መነሻ ከስሎ መጨረሻው ይገረጣል። እጅ ሲዘገይ ይጠቁራል፣ ሲፈጥን ቡናማ ይሆናል። ኮምፔንሳቶና ቀለም የተቀባ እንጨት ጢሱ ስለሚጎዳ አይቃጠልም፤ መስኮቱም ሁልጊዜ ክፍት ነው። በቀለም የተሳሳተ ደግሞ ይቀባበታል፤ የተቃጠለ ግን አይመለስም።

የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ነጭ ለማድረግ ዘዴው አለመንካት ነው። ዙሪያው ይቃጠላል፣ ፈረሱ ግን እንዳለ ይቀራል። በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ወጣቶቻችን ይህንንም ጠብቀዋል። በጠርዙ የምታዩት ሐረግ ከብራና መጻሕፍት የተወረሰ ጌጥ ነው።

ታዲያ ነገሩ ምንድን ነው? ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ መጥቶ መስቀሎቹን አየና ወደዳቸው። እጥፍ ዋጋ እከፍላለሁ አለ። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ከግርጌው የሚጻፈው የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት እንዲቀር፤ ሁለተኛ፣ መስቀሉ በጢስ እንዲጠቁርና ጠርዙ እንዲሸራረፍ። ለምን? ለውጭ አገር ገዢ «የጥንት ነው» ብሎ ሊሸጠው ነዋ!

ወጣቶቹ መልስ ሳይሰጡ ወደ ኮሚቴው መጡ። እውነቱን ለመናገር እኛም ወዲያው እምቢ አላልንም። ከመካከላቸው የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ እናት የሚጦር አለ። ሁለት ማታ ተከራከርን።

አንዱ ክርክር «በተቀደሰ ነገር ላይ ስም መጻፍ ትዕቢት ነው፤ ቢቀር ምን አለበት?» የሚል ነበር። ሆኖም በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ በሣለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ሥዕሉ ያለው በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። እሱን ትዕቢተኛ ያለው የለም። ስም መጻፍ «ለሠራሁት ሥራ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ማለት ነው።

ሁለተኛው ክርክር «የሚታለለው ባለገንዘብ ነው፤ እኛን ምን ቸገረን?» የሚል ነበር። ይሄኛው ይበልጥ አሳሰበን። በላሊበላ ከቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ስሙ የገነነ መስቀል እንኳ ይህን ያህል ዓመት ከደብሩ ተለይቶ ከቆየ፣ የአንዲት ገጠር ደብር የእንጨት መስቀል ቢጠፋ ማን ይፈልግላታል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ከልክሏል። ነገር ግን በጢስ የጠቆረው የኛ መስቀል ከተሰረቀው ጋር በአንድ ሳጥን ቢቀላቀልስ? ሌባው ለተቆጣጣሪው «ሁሉም አዲስ ነው» ይላል፣ ለገዢው ደግሞ «ሁሉም አሮጌ ነው» ይላል። የልጆቻችን ላብ ለሌባ መሸፈኛ ሆነ ማለት አይደለም?

ደግሞስ እርጅና በአንድ ሌሊት ይሠራል? ዘመን የቆየ የእጅ መስቀል ካህኑ የሚይዝበት፣ ምእመኑ የሚሳለመው ቦታ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ጥቁረቱ የብዙ ሰው እጅና የዕጣን ነው። በጢስ የጠቆረው ግን የሚያዝበትም የማይያዝበትም አንድ ነው። ያ ውሸት የሚዋሸው በመስቀል ላይ መሆኑን አትርሱ።

በዚህም ምክንያት ነጋዴው ባዶ እጁን ተመልሷል። ውሳኔውን ወጣቶቹ ራሳቸው በአንድ ድምፅ ተቀብለውታል። ገንዘቡ አላስቆጫቸውም አንልም፤ አስቆጭቷቸዋል።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው ይህን ነው። ለክርስትናም ሆነ ለሠርግ ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደዚች ክፍል ብቅ በሉ። ቤት ስታድሱ የሚተርፈውን፣ ቀለም ያልነካውን ቁራጭ እንጨት አትማግዱት፤ አምጡልን። «የጥንት መስቀል አለኝ» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፤ ካፈረ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቁ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁ አባሎቻችንም ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ። ከሠፈራችን የሚወጣ ዕቃ የሠፈራችንን ስም ይዞ ነው የሚወጣው።

ስትወጡ አንዱን መስቀል አንሡና ግርጌውን ገልብጣችሁ እዩት። ስምና ዓመተ ምሕረት ታገኛላችሁ፤ በእሳት ስለ ተጻፈ በቀላሉ አይፋቅም። የቀረው እርጅናው ነው፤ እሱን ዘመን ይጨምርበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።



የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ