ቡና የታሸ ዶሮ፣ በከሰል

ዳባት ላይ ዶሮ ከተባለ ወጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ብልት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤና ረጅም ሰዓት። ረጅሙ ሰዓት ምክንያት አለው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ያገር ዶሮ ሥጋ ደግሞ ጠንካራ ነው።

ከሰል ግን ከፍታ አያሸንፈውም። ለጥብስ የምትመረጠው ቄብ ናት፤ የከረመችዋ ለወጥ ትቆይ።

ቡናው ጠቆር ብሎ ይቆላል፤ ከዚያ እስኪልም ይወቀጣል። ለአንድ ዶሮ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡና፣ አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ ጨው፣ የተፈጨ ኮረሪማና ቆንጠር ያለ ስኳር ይበቃል። አተላ ደርቆ ይሆናል የሚል ቢኖር፣ አይሆንም፤ ጣዕሙ ጀበናው ውስጥ ቀርቷል። በሎሚና በጨው የታጠበችው ዶሮ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ትደርቃለች፤ እርጥብ ቆዳ እንፋሎት እንጂ ጥብስ አይሆንም። ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ዘይት ተቀብታ፣ ቅመሙ ከቆዳዋ ሥር ሳይቀር ይታሻል።

እሳቱ ላይ ነው ብዙዎች የሚቸኩሉት። ቡናው አንዴ የተቆላ ስለሆነ ነበልባል ካገኘው ያርና ይመራል። ስለዚህ ፍሙ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ዶሮዋ በሌላው ጎን ሽቦ ላይ ተቀምጣ በሰፊ ክዳን ትሸፈናለች። የታፋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሲደርስ በስላለች። ቆዳው እንዲንኮሻኮሽ መጨረሻ ላይ ብቻ ለአፍታ ፍሙ ላይ ትገላበጣለች። ምድጃው ግን ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ይገድላል።