ፊደል የቆጠረ መብቱን ይጠይቃል



ፊደል ከመቁጠራችን በፊት እኛ ስንፈርም ጣታችንን ቀለም ነክረን ወረቀቱ ላይ እናትም ነበር። የተጻፈው ይጥቀመን ይጉዳን አናውቅም። ዛሬ የምንነጋገረው እንደ እኛ ካደጉ በኋላ ፊደል ስለ ቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ይሁን እንጂ የደቡብ ግዛቶች ነጭ ገዢዎች ጥቁሩ ሕዝብ ሹሙን እንዳይመርጥ ብዙ መሰናክል አበጁ። አንደኛው ንባብ ነበር። ለምርጫ ሊመዘገብ የመጣ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል እንዲያነብ ይታዘዛል፤ ያላነበበ ይመለሳል። መዝጋቢው ነጭ ነውና፣ በትክክል ያነበበውንም ጥቁር ወድቀሃል ብሎ ይመልሰዋል።

በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ጆንስ የምትባል ደሴት አለች። በዚያ አቶ ኢሳው ጄንኪንስ የተባሉ ገበሬ የደሴቲቱን ሰዎች በአውቶቡሳቸው ወደ ቻርልስተን ከተማ ለሥራ ያመላልሱ ነበር። ወይዘሮ አሊስ ዋይን የተባሉ ተሳፋሪ መምረጥ እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን ማንበብ እንደማይችሉ ነገሯቸው። አቶ ጄንኪንስም መንገድ ላይ ሕጉን ለተሳፋሪዎቹ ያስጠኑ ጀመር። ግን በአውቶቡስ ብቻ የሚሆን አልነበረም፤ ማስተማሪያ ቤት አስፈለገ።

በ1956 ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ የተባሉ መምህርት ለጥቁሮች መብት የሚታገል ማኅበር አባል በመሆናቸው ከሥራ ተባረው ነበር። እሳቸውና አቶ ጄንኪንስ ተመካከሩ፤ በ1957 መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ ተከፈተ። ከፊት የኅብረት ሱቅ ነው፤ ነጮቹ እንዳያውቁ ትምህርቱ ከሱቁ ኋላ ነበር። ጊዜውም የእርሻ ሥራ የሚቀንስበት የብርድ ወራት ነው። አስተማሪዋ ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ ነበሩ እንጂ አስተምረው አያውቁም። የሕፃናት መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ ለትልልቅ ሰዎች እንደማይሆን አይተው ተዉት። ከዚያ ምን መማር እንደሚፈልጉ 14ቱን ተማሪዎች ጠየቋቸው። ስማችንን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ ገንዘብ በፖስታ የሚላክበትን ቅጽ መሙላት አሉ። ያንኑ ተማሩ፤ ሕጉንም አነበቡ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ በደቡብ ግዛቶች ሁሉ ተስፋፋ።

ንባብ ብቻውን ግን አልበቃም። ለመመዝገብ የሞከረ ከሥራው ይባረራል፤ የሰው መሬት የሚያርስ ከመሬቱ ይነቀላል። ስለዚህ ሕዝቡ ተባብሮ አደባባይ ወጣ። መጋቢት 7 ቀን 1965 በአላባማ ግዛት በሴልማ ከተማ 600 ያህል ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሰልፍ ወጡ። ድልድዩን እንደ ተሻገሩ ፖሊሶች በዱላና በአስለቃሽ ጢስ መቷቸው። ሰልፈኞቹ ግን አልቀሩም። በዚያው ወር እንደገና ተነሥተው፣ 87 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ሞንትጎመሪ ሲደርሱ ቁጥራቸው 25,000 ሆኖ ነበር። በነሐሴ 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፤ ያ የንባብ ፈተናም በእነዚያ ግዛቶች ታገደ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዚህን ሕግ አንድ ዋና ክፍል ሻረ። እንግዲህ በትግል የተገኘ መብትም ጠባቂ ይፈልጋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? እነዚያ ሰዎች እርሳስ የያዙት ለጌጥ አይደለም። መጀመሪያ ስማቸውን ጻፉ፤ ቀጥለው ሕጉን አነበቡ፤ ከዚያም ከጎረቤታቸው ጋር ተያይዘው ወጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። እኛም የቆጠርነውን ፊደል አንርሳው። ወረቀት ሲሰጡን ከመፈረማችን በፊት እናንብብ፤ ያልገባንን እንጠይቅ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችንም እናንብብለት።