ዓርብ ዓርብ ቀድሜ የምነሣው

እኅቶቼ፣ ያለፉትን ሁለት ዓርቦች ስብሰባው ሳያልቅ በመነሣቴ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እንደምታውቁት ካቶሊክ ነኝ። በሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል እንጸልያለን፤ የጌታን ሕማም በ14 ምዕራፍ ከፍለን፣ በየምዕራፉ እየተንበረከክን። ካቶሊክነት ለሸዋ ትናንት የመጣ አይደለም፤ አባ ማስያስ በ1860 ዓ.ም. ምኒልክን ያገኟቸው እዚሁ አጠገባችን ልቼ ነው።

በስድስተኛው ምዕራፍ ቬሮኒካ የምትባል ሴት በወታደሮቹ መካከል አልፋ የጌታን ፊት በጨርቅ ትጠርጋለች። እዚያ ስደርስ፣ ልጄ ታሞ ሆስፒታል ሳለን ተራ ገብታችሁ ያደራችሁልኝ እናንተ ትዝ ትሉኛላችሁ።

ልመናዬ ይህ ነው፦ እስከ ፋሲካ ስብሰባው 7 ሰዓት ተጀምሮ 9 ሰዓት ይለቅ። እናንተም እስከ 9 የምትጾሙ ብዙ ናችሁ፤ በባዶ ሆድ ስለ ብድር ተከራክረን መች ተስማምተን እናውቃለን? የዛሬ ቁጠባዬን ለገንዘብ ያዧ አስረክቤያለሁ።