አካቶ ትምህርት፦ ከክፍሉ በር ባሻገር



አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ፣ እስቲ ያንን ዳገት በተሽከርካሪ ወንበር የምትወጣ ተማሪ አስቡ። ያውም በክረምት፣ ድንጋዩ ረጥቦ። ተማሪዋ እንደ ምንም ትምህርት ቤት ብትደርስ እንኳ፣ ክፍሏ ፎቅ ላይ ከሆነ ደረጃው ይጠብቃታል።

ታዲያ ችግሩ እግሯ ላይ ነው ወይስ ደረጃው ላይ? በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ካጠኑት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሁር ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ይገኙበታል። አካል ጉዳተኛ ልጆችን በመደበኛ ትምህርት ቤት ስለማካተት በ1999 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ አካል ጉዳተኝነት በኢትዮጵያ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትመዋል።

አካል ጉዳተኛ ልጅን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን አካቶ አይባልም። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገር፣ ከንፈር እያነበበች የምትከታተለው ተማሪ ትምህርቱ ያመልጣታል። የጻፈውን ጮክ ብሎ ካላነበበው ደግሞ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ባዶውን ይወጣል። እነዚህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም። ብሬልና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ኢትዮጵያም ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ እነዚህን የማመቻቸት ግዴታ ተቀብላለች።

ነገ ክፍል የሚገቡ መምህራን አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናሉ። አካቶን የልዩ ፍላጎት ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የሒሳቡም፣ የስፖርቱም መምህር ጠንቅቆ ሊማረው ይገባል።