በአንድ መሥሪያ ቤት መጽናት ወይስ መዘዋወር?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቻችን ከወልቂጤም ከቡታጅራም ሥራ ፍለጋ እንወጣለን። በየቤታችንም ሁለት ምክር ይሰጠናል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ያስጠጋህን አሠሪ አትተው» ይሉናል። ቀድመውን የተመረቁት ደግሞ «ደመወዝ የሚያድገው ለሚዘዋወር ነው፤ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ይረሳል» ይላሉ። የትኛውን እንስማ?

መልሱ ከጓሮአችን የራቀ አይደለም። ወላጆቻችን እንሰትን አንድ ጊዜ ተክለው አይተዉትም። ቡቃያው ተነቅሎ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይተከላል፤ ሲጠነክርም እንደገና ይዛወራል። ሆኖም ሥር ሳይሰድ የሚነቅለው የለም። ተጨናንቆ የቀረውም ግንዱ አይወፍርም።

ወደ አዲስ አበባ ከወጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ያደጉት በዚሁ መንገድ ነው። በሊስትሮነት ወይም በሱቅ በደረቴ ጀመሩ፤ ከዘመድ ሱቅ ገብተው ሚዛኑን፣ ደንበኛውንና የዱቤውን መዝገብ ተማሩ፤ በእቁብ ገንዘብ አጠራቅመው መርካቶ ላይ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሙያውን ተምሮ መውጣት ክህደት አልነበረም።

ነገር ግን ታማኝነት የሁለት ወገን ዕዳ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም በቡታጅራ በአንድ የግል ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቶ፣ በ2015 ዓ.ም. በፈቃዱ ሲለቅ ባዶ እጁን ተሸኘ። እርሱም ሕጉን አላወቀም፤ እኛም አላወቅንለትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና የተነሣ የማገልገል ውል ከሌለበት፣ በፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲያገኝ ያዛል። ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ ነው። ወንድማችን የ80 ቀን ደመወዝ ቀረበት ማለት ነው። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል።)

እንግዲህ በአራተኛው ዓመት በፈቃዱ የሚለቅ ይህን ያጣል። የዓመት ዕረፍቱም በአዲሱ አሠሪ ዘንድ እንደገና ከ16 ቀን ይጀምራል፤ በአንድ አሠሪ ዘንድ የቆየ ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ጡረታው ግን አይጠፋም፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ እየከፈሉ የተቆጠረው አገልግሎት ድርጅት ቢለወጥም ይደመራል። ስለዚህ ጡረታ ይቀርብኛል ብሎ ተጨናንቆ መቅረት አያስፈልግም፤ መዋጮው በእርግጥ ገቢ መሆኑን መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ከመልቀቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ የያዝነውን ሙያ አጥርተን ተምረናልን? የምንሄድበት ቦታ የሰፋ ነው ወይስ ደመወዙ ብቻ? አዎን ካልን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተን፣ የአገልግሎት ምስክር ወረቀታችንን ተቀብለን፣ በሰላም እንሰናበት።

መምህራኖቻችንም ከመመረቃችን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ወስደው ይህን አዋጅ እንዲያስረዱን እንለምናለን። ያ ወንድማችን የከሰረውን እኛ ደግመን ልንከስር አይገባም።