ርስትና ውርስ



በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በደብረ ወርቅ «ውርስ» ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው መሬት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም።

በጎጃም የርስት ሥርዓት ባለርስቱ ይጠይቅ የነበረው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት፣ በእናትም ሆነ በአባት ተቈጥሮ የሚደርሰውን ድርሻ ነበር። ሟቹ ድርሻውን በዕድሜው ሙሉ ይዞት ይቈያል እንጂ መሬቱ የዘሩ ነው። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ይህ መብት ይርጋን ስለማይቀበል ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ለዐመፅ ከተነሡባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የመሬቱ ልኬታ ርስታችንን ያሳጣናል የሚል ሥጋት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለውርስ ሌላ ትርጉም ሰጠው። በቁጥር 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው በሟቹ መሞት ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በሞቱ የማይቋረጠው መብትና ግዴታ ነው። በቁጥር 942 መሠረት ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ከወራሾቹ የግል ሀብት የተለየ ሀብት ሆኖ ይቈያል። በቁጥር 1014 እንደ ተደነገገው ከዚህ ሀብት ላይ አስቀድሞ የቀብሩ ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያም የሟቹ ዕዳ ይከፈላል። እንግዲህ በሕጉ ዐይን ውርስ ማለት በሬውና ቤቱ ብቻ ሳይሆን ዕዳውም ጭምር ነው። ቢሆንም ሕጉ የቀደመውን ሥርዓት ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ በልማድ የቤተ ዘመድ የጋራ የሆነውን መሬት ማንም በይርጋ የራሱ እንዳያደርገው በቁጥር 1168 ከልክሎ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ርስት አበቃ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደነገገ። ከዚህ በኋላ ለገበሬው ወራሾች የሚተላለፈው በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው፤ እርሱም የሚመራው በገጠር መሬት ሕግ ነው። ቤቱ፣ ከብቱ፣ እህሉና ገንዘቡ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመራሉ።

ቃሉ ሳይለይ ሲቀር ጉዳቱ የሚያርፈው በደካማው ላይ ነው። ገበሬው ሲሞት ልጆቹ «የአባታችን ርስት» ብለው ሁሉን ይከፋፈላሉ እንበል። መበለቲቱም መብቷን ባለማወቅ «ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» ስትል አቤት ትላለች። ነገር ግን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የባሏ ወራሽ አይደለችም። የጋራው ሀብት እኩሌታ የእርሷ የሆነው በጋብቻው ነው፤ ከውርሱም ውስጥ ከቶ አልገባም። በባለቤትነት ልትረከበው የሚገባትን በወራሽነት ጠይቃ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ስለዚህ ዳኛውም ጠበቃውም «ወራሹ ማን ነው?» ከማለታቸው አስቀድሞ «ውርሱ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በመጀመሪያ የሚስት ድርሻ ይለይ፤ የመሬቱ መብት በራሱ ሕግ ይታይ፤ ዕዳው ይከፈል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።