ካንትን በጀርመንኛ ማንበብ፦ ስለ አንድ የተሳሳተ ምዕራፍ



ስለ ቋንቋና ፍልስፍና እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ሰፊውን ርእስ ለሚችሉት ትቼ ስለ አንድ ስሕተቴ ብናገር ይሻላል አልሁ። ስሕተቱ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው።

በዚያ ምዕራፍ አማኑኤል ካንት ራሱን በራሱ ይቃረናል ብዬ ተከራክሬ ነበር። የተደገፍሁት ኖርማን ኬምፕ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው የ«ንጹሕ አመክንዮ ሒስ» የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ነው። ካንት ለ1787ቱ ሁለተኛ እትም በጻፈው መቅድም፣ ለእምነት ቦታ ለማስገኘት ሲል ዕውቀትን መካድ ግድ እንደ ሆነበት በዚያ ትርጉም ይነበባል። ወረድ ሲሉ ግን ያው ካንት ዕውቀት እንዴት ሊኖር እንደሚችል ተረጋግቶ ሲያስረዳ ይገኛል። እንግዲያው በደጃፉ የካደውን በእልፍኙ ያጸድቃል አልሁ። ፈታኞቼም እንደ እኔው እንግሊዝኛውን ያነበቡ ነበሩና ምዕራፉ በመልካም ውጤት አለፈ።

ጀርመንኛ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ፣ በ34 ዓመቴ ነው። መቅድሙን መዝገበ ቃላት ይዤ ለማንበብ በበቃሁበት ቀን የምዕራፌ መሠረት ተናደ። በመቅድሙ ያለው ቃል «ቪሰን» ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ በየገጹ የሚመላለሰው ደግሞ «ኤርኬንትኒስ» ነው። ኬምፕ ስሚዝ ሁለቱንም በአብዛኛው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተርጕሟቸዋል። በካንት ዘንድ «ቪሰን» አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የመቀበል ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ምክንያቱ ለተቀባዩም ለማንኛውም ሰው የሚበቃ ሲሆን ነው። «ኤርኬንትኒስ» ግን አእምሮ ከአንድ ነገር ጋር የሚገናኝበት ሥራ ወይም ውጤት ነው፤ ከነገሩ ጋር ካልተስማማ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ካንት ራሱ ጽፏል። «ሐሰተኛ ዕውቀት» ስንል በአማርኛ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ለ«ኤርኬንትኒስ» ግን የሚያስገርም ነገር የለውም። ስለዚህ ካንት አንደኛውን ከአንድ ስፍራ አነሣ፣ ሁለተኛውን ግን መረመረ። እኔ ያገኘሁት ቅራኔ የተርጓሚው የቃል ቁጠባ ውጤት ነበር። ፖል ጋየርና አለን ዉድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ትርጉም «ኤርኬንትኒስ»ን «ኮግኒሽን» በማለታቸው ልዩነቱ በእንግሊዝኛም ይታያል። ያን መጽሐፍ አስቀድሜ አግኝቼ ቢሆን ከእፍረቴ ግማሹ ይቀርልኝ ነበር።

ቀሪው ግማሽ ግሱ ነው። «መካድ» ተብሎ የተተረጐመው ቃል «አውፍሄበን» ነው። ማንሣት፣ መሻር፣ ማኖር፣ ሦስቱም በውስጡ አሉ። ሄግል ይህ ቃል ማስቀረትንና ጠብቆ ማቆየትን በአንድነት መያዙን በማሳየቱ ዝነኛ አድርጎታል። የእኛ «ማንሣት» ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱን ያውቃል፤ ድንጋይ ይነሣል፣ እገዳም ይነሣል። ማኖሩ ግን ይጎድለዋል። ነገር ግን ተማሪዎች አደራ፣ የሄግልን ሀብት ወደ ኋላ ወስዳችሁ በካንት ላይ አትጫኑ። በ1787 ሄግል ገና የ17 ዓመት ልጅ ነው። እኔ በመቅድሙ የምሰማው የእገዳውን ዓይነት «ማንሣት» ነው፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ነጻነትና ስለ ነፍስ ዘላለማዊነት ዐውቃለሁ የሚለውን አቤቱታ ከዚያ ስፍራ ማንሣት። መካድ ሌላ ነው።

ጀርመንኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ ነው ሲባል ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያስጨንቀው ግሱ በጥገኛ ሐረግ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። እኛ ግን ግስን እስከ ዐረፍተ ነገሩ ፍጻሜ መጠበቅ የእናት ቋንቋችን አስለምዶናል። እኔን ያደከመኝ ዋናው ሐረግ ነው፤ በዚያ ግሱ በሁለተኛው ስፍራ ይቀመጥና ባዕድ መነሻው ተነጥሎ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። «ሄበን»ን አይቶ የተቻኮለ ሰው፣ ከብዙ ቃላት በኋላ «አውፍ» ሲመጣ የተረዳውን ሁሉ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

የስሞች ጾታም በመጀመሪያ አስለቅሶኛል፤ በኋላ ግን ወዳጄ ሆነ። በካንት ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ተውላጠ ስም ወደ የትኛው ስም እንደሚመለስ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ጾታው ነው፤ የእንግሊዝኛው «ኢት» ይህን አይነግርም። (በክፍል ውስጥ «ዲ ኤርኬንትኒስ» በሉ ተብለን ተምረን ሳለ ካንት አንዳንዴ «ዳስ ኤርኬንትኒስ» ይላል። ስሕተት አገኘሁበት ብዬ ለግማሽ ቀን ተደስቼ ነበር፤ የዘመኑ አጻጻፍ ነው።)

መጀመር የምትፈልጉ ከ«ሒሱ» አትነሡ። ካንት በ1784 የጻፈው «አብርሆት ምንድን ነው?» ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ነው፤ እኔ በቀን አንድ አንቀጽ እየገለበጥሁ አነበብሁት። ቀጥሎ የ1783ቱ «ፕሮሌጎሜና» ይምጣ። ሾፐንሃወርና ኒቼ ዐረፍተ ነገራቸው ግልጽ ስለ ሆነ ለእረፍት ይጠቅማሉ። ፊሎሎጂ የምታጠኑም ብትሆኑ ድካሙ አይባክንም፤ የዲልማን የግዕዝ ሰዋስው በ1857 የታተመው በዚሁ ቋንቋ ነው።

አሁን ያለብኝ ችግር አማርኛ ነው። ያን መቅድም ለክፍሌ ስተረጕም «ቪሰን»ን ዕውቀት አልሁት። ለ«ኤርኬንትኒስ» በመጀመሪያ «ግንዛቤ» ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪዎቼ ቃሉን ሲሰሙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዐውደ ጥናት ትዝ እያላቸው ሣቁ። «ማወቅ» ብለው ግሱ ብዙ ቁጥር አይቀበልም፤ ካንት ደግሞ በብዙ ቁጥር ይጠቀምበታል። «ዕውቅታ» የሚል ቃል ፈጥሬ አንድ ሴሚስተር ተጠቀምሁበት፤ ከእኔ በቀር የወደደው አልተገኘም። የተሻለ ያላችሁ ካላችሁ ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ከዚሁ ልጀምር።